የአዲስ ዓለም ከተማ አመሠራረትና ጠባይ



የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ሲቃረብ፥ ለዚህ መጽሔት ከየክፍሉ አንዳንድ ጽሑፍ እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለምንኖርባት ከተማ ታሪክ ለመጻፍ መረጥን። ይህን የመረጥንበትን ምክንያት አስቀድመን ብንናገር መልካም ይመስለናል።

ባለፈው ዓመት ከክፍላችን ጥቂቶች ለጥያቄና መልስ ውድድር ወደ አዲስ አበባ ሄደን ነበር። በምሳ ሰዓት አብረውን የተቀመጡ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች አገራችን የት እንደ ሆነ ጠየቁን። አዲስ ዓለም ነው ብለን ስንመልስ፥ ከእነርሱ አንደኛው ፈገግ ብሎ፥ «ምኒልክ ጀምረው የተዋት ከተማ አይደለችም?» አለን። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን፤ ነገር ግን የምንመልሰው ቃል አላገኘንም። ስንመለስም በአውቶቡሱ ውስጥ እንደ ሄድነው ጊዜ አልተጫወትንም። ስለ አክሱም፥ ስለ ላሊበላና ስለ ጎንደር ብንጠየቅ እንመልሳለን፤ ስለ ገዛ ከተማችን ግን ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው ያ ስሙን እንኳ ያልጠየቅነው ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ የዘገየ መልሳችን ነው። ልጁ የተናገረው ሐሰት እንዳይደለ እናውቃለን። ዳሩ ግን ሙሉውን አልተናገረም፤ የቀረውን ለመናገር ደግሞ ከእኛ የተሻለ ባለ ዕዳ የለም።

የቦታው አቀማመጥ

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኦሮሚያ ክልል፥ በምዕራብ ሸዋ ዞን፥ የኤጀሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ በኩል ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተማችን ያልፋል። የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በኮረብታው ራስ ላይ በዛፍ ተከቦ ይታያል፤ ሱቁ፥ ገበያውና መኖሪያ ቤቱ ከበታቹ ተዘርግቷል።

ዙሪያው ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስ፥ ባቄላና ኑግ የሚበቅልበት ደጋና ወይና ደጋ አገር ነው። ከአካባቢው ወንዞች በርጋ የታወቀ ሲሆን ውሃው ወደ አዋሽ ይገባል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ረግረግ ይሆናል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ከሩቅ የሚታየው ነገር ሁሉ የባሕር ዛፍ ረድፍ ነው። ይህን ዛፍ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በታሪካችን ውስጥ ከመኳንንቱ የማያንስ ሥፍራ አለውና።

ከከተማው በፊት

የአዲስ ዓለም ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ዐፄ ምኒልክ ቦታውን ከመረጡበት ከ1893 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ይህ ግን የከተማው መጀመሪያ ነው እንጂ የአገሩ መጀመሪያ አይደለም። ከንጉሡ ድንኳን አስቀድሞ ምድሩ ሰው ነበረበት። የኦሮሞ ገበሬዎች ያርሱታል፥ ከብታቸውን በሜዳው ያሰማራሉ፥ ውሃቸውን ከምንጩ ይቀዳሉ፤ አገሩንም ኤጀሬ ይሉታል። ይህ ስም እስከ ዛሬ ድረስ የወረዳችን ስም ሆኖ ይኖራል።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ሲያሰፉ፥ ይህ አገር በእርሳቸው አስተዳደር ሥር ሆነ። በዚያ ዘመን ሥርዓት መሬት ለመኳንንቱ፥ ለወታደሩና ለቤተ ክህነቱ ማደሪያ ይሰጥ ነበር፤ በመሬቱ ላይ የነበረው ገበሬም ገባር ይሆን ነበር። ከምርቱ ይከፍላል፥ በጉልበቱም ለባለ ጉልቱ ይሠራል። ይህ ሥርዓት ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ ብለን አይደለም። ከክፍላችን መካከል አያቱ ገባር የነበረም፥ አያቱ ከሠራዊቱ ጋር መጥቶ የሰፈረም አለ፤ ሁለቱ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። ነገር ግን «አዲስ ዓለም» የሚለውን ስም ስንሰማ፥ ለማን አዲስ እንደ ነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሩቅ ለመጡት አዲስ ነበር፤ ለኤጀሬ ገበሬ ግን የአባቱ እርሻ ነበር። ከተማችን ሁለት ስም ያላት ስለዚህ ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ታሪኳን በግማሽ መጻፍ ይሆናል።

የእንጨት ችግር

አሁን ዐፄ ምኒልክ ለምን ወደዚህ ለመምጣት እንዳሰቡ እንናገር። በቀድሞ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት በአንድ ቦታ ብዙ ጊዜ አይቆዩም ነበር። ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ እንጨት ነው። ንጉሥ በሰፈረበት ሠራዊቱ፥ መኳንንቱ፥ አገልጋዩና ነጋዴው አብሮ ይሰፍራል። ይህ ሁሉ ሕዝብ እንጀራ ይጋግራል፥ ወጥ ይሠራል፥ ጠጅና ጠላ ይጥላል፥ ጎጆ ይቀልሳል፥ አጥር ያጥራል። ለዚህ ሁሉ ጥዱና ወይራው ይቆረጣል። ጥድ ደግሞ ለቤት የሚሆን ግንድ እስኪያወጣ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። እንጨቱ ሲርቅ ከተማው ይነሣና ጫካ ወዳለበት ይሄዳል፤ የተተወው ቦታም ተመልሶ እርሻ ይሆናል።

ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር ወደ ልቼ፥ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ ተዛውረዋል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ተራራ በታች በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ ጥቂት ቆይቶም ቤተ መንግሥቱ ከብርዳማው ተራራ ወርዶ በዚያው ጸና። ነገር ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ አዲስ አበባንም የድሮው ችግር ያዛት። በእንጦጦ ላይ የነበረው ዛፍ አለቀ፤ ሴቶችና አህዮች እንጨት ለማምጣት ሩቅ መንገድ መሄድ ጀመሩ፤ የእንጨት ዋጋም ከፍ አለ።

በዚህ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ዐይን ወደ ምዕራብ ተመለሰ። በዚህ በኩል አገሩ ለም ነው፤ ደንም ገና አልጠፋም ነበር። በመንገዱ ላይ በወጨጫ ተራራ የሚገኘው የመናገሻ ደን እስከ ዛሬ ድረስ መኖሩ ለዚህ ምስክር ነው። በ1893 ዓ.ም. አካባቢም ዐፄ ምኒልክ የዛሬውን ኮረብታችንን መርጠው አዲስ ዓለም አሉት፤ አዲሱ ዋና ከተማ በዚያ እንዲሠራም አዘዙ።

ቤተ መንግሥቱ ሲሠራ

ከዚያ በኋላ በኮረብታው ላይ ሥራ ተጀመረ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ተሰበሰበ። ድንጋይ የሚፈነቅል፥ ጭቃ የሚረግጥ፥ ግንድ የሚጎትት፥ ሣር የሚያጭድ ሰው በየበኩሉ ተሰለፈ። ከሕንድ አገር የመጡ አናጢዎችና ግንበኞችም በሥራው ገቡ፤ በዚያ ዘመን በምኒልክ ሕንፃዎች ላይ የሕንድ ባለ እጆች ሥራ በብዙ ቦታ ይታይ ነበር። መኳንንቱም እንደ ልማዱ ለየራሳቸው ሰፈር ቦታ ያዙ።

ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድ በኢትዮጵያ ውስጥ በዘመናዊ አሠራር ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። እኛ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ የምንሻገረው አስፋልት የዚያ መንገድ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከተማው ሳይሞላ መንገዱ ቀደመ፤ ይህም ለኋላው ጠባያችን ትልቅ ምክንያት ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው በዚህ መዛወር ደስ አላለውም። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1889 ዓ.ም. የሰላም ውል ከተፈረመ ወዲህ፥ የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ልከው ነበር። እነዚህም ቦታ ተቀብለው ቤት ሠርተዋል። ነጋዴዎችም መጋዘን አቁመዋል፤ መኳንንቱም ግቢያቸውን አስጊጠዋል። ድንኳን ነቅሎ በበቅሎ ጭኖ መሄድ ለቀድሞው ሠራዊት ቀላል ነበር፤ የድንጋይ ቤት ግን በበቅሎ አይጫንም። ስለዚህ መዛወሩ እንደ ቀድሞዎቹ በአንድ ቃል የሚፈጸም አልሆነም።

የባሕር ዛፍ መምጣት

ነገሩን የቈረጠው ግን ከሩቅ አገር የመጣ ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፥ ያስገቡትም የዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበሩት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ መሆናቸው ይነገራል። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። በአማርኛ የባሕር ዛፍ ማለታችን ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነ ነው፤ በኦሮምኛም ባርጋሞ ሲባል ትርጓሜው ያው ከባሕር ማዶ ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ እንግዳውን በአንድ ዓይነት ስም መጥራታቸው ያስደንቃል።

ይህ ዛፍ እንደ ጥድ አያስጠብቅም። ከተተከለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአጥርና ለቤት የሚሆን ይሰጣል፤ ሲቈረጥም ጉቶው ያቈጠቍጥና ሌላ ግንድ ያወጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቈርጣል። ቅጠሉን ከብት ስለማይበላው አጥር ባይኖረውም ይድናል። ዐፄ ምኒልክ ይህን ባዩ ጊዜ ሕዝቡ እንዲተክለው አበረታቱ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ችግኙ በዛ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ከተማዋ በደን ውስጥ የተሠራች መሰለች። እንጨት ፍለጋ መነሣት የሚባለው የነገሥታት ልማድ በዚህ ዛፍ ምክንያት ተቋረጠ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ጉዳዩ ፈጽሞ ታተመ፤ ሐዲድ እንደ ድንኳን አይነቀልምና።

እንግዲህ አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ሳትሆን የቀረችው በጦርነት ወይም በመቅሠፍት አይደለም። ሥራው ከተጀመረ ሁለት ሦስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፥ በ1895 ዓ.ም. ገደማ፥ የመዛወሩ ሐሳብ ተተወ።

ቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን

ዐፄ ምኒልክ የተጀመረውን ሕንፃ ለጅብ ማደሪያ አልተዉትም። ለእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አደረጉት፤ ስሙም ደብረ ጽዮን ተባለ። ይህ ስም ከአክሱም ጽዮን ጋር የሚያዛምድ ታላቅ ስም ነው። በቤተ መንግሥት አሳብ የተሠራ ሕንፃ በመሆኑ፥ ቅርጹ በአገራችን እንደ ተለመደው ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ግድግዳው በሥዕል ተሸልሟል፤ በግቢውም ጥንታዊ ንዋየ ቅድሳትና የነገሥታት ስጦታዎች የሚታዩበት ቤተ መዘክር አለ። በኅዳር 21 ቀን፥ በጽዮን ማርያም በዓል፥ ከገጠርም ከአዲስ አበባም የሚመጣው ምእመን ኮረብታውን ይሞላዋል።

ከመካከላችን ፊደል የቈጠርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሆንን ልጆች አለን፤ የእስልምና ተከታዮችም አሉ። ቢሆንም ኮረብታው የሁላችን ነው። ከብት ስንጠብቅ ጊዜውን የምናውቀው በደወሉ ነበር፤ ከሩቅ አገር ዘመድ ሲመጣም አስቀድመን የምናሳየው እርሱን ነው።

የቀሩት ሰዎች

ቤተ መንግሥቱ ካልመጣ፥ ከተማው ስለ ምን አልፈረሰም? ይህን ጥያቄ እርስ በርሳችን ብዙ ጊዜ ተነጋግረንበታል። መልሱን ያገኘነው በመጽሐፍ ሳይሆን በየቤታችን ነው። ከክፍላችን ተማሪዎች እያንዳንዱ ቤተ ሰቡ ወደዚህ ቦታ እንዴት እንደ መጣ ጠይቆ እንዲመጣ ተስማማን።

የአንዳንዱ ቅድመ አያት ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ጋር የመጡ ናቸው። የሌላው ቅድመ አያት ድንጋይ ሊያነሡ መጥተው ሚስት አግብተው የቀሩ ናቸው። የአንዷ ተማሪ ቅድመ አያት ደግሞ ለሠራተኛው ጠላ የሚሸጡ ሴት ነበሩ ይባላል፤ ሠራተኛው ሲበተን እርሳቸው ጋናቸውን ትተው ለመሄድ አልወደዱም፤ መንገደኛ መጠማቱ አይቀርም ብለው ተቀመጡ። ከመንገዱ በስተ ሰሜን ካለው ገጠር የሚመጡት ጓደኞቻችን ግን ለጥያቄው መልስ አላመጡም። አያቶቻቸው፥ «እኛ አልመጣንም፤ እዚሁ ነበርን» ብለዋቸዋል። መምህራችን ይህንንም ጻፉት፥ መልስ ነው አሉን።

ከዚህ የተረዳነው ይህ ነው። መኳንንቱ የሄዱት የሚሄዱበት ስለ ነበራቸው ነው። የቀሩት ግን ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግሉት፥ በመንገዱ ላይ የሚነግዱት፥ ብረት የሚቀጠቅጡት፥ ሸማ የሚሠሩት፥ ምድሩንም የሚያርሱት ናቸው። ገበሬው እህሉንና ቅቤውን ያመጣል፤ ከተማው ጨውና ጨርቅ ይሸጥለታል። ከተማችንን ያቆማት የንጉሥ ትእዛዝ ሳይሆን ይህ ገበያ ነው።

በጠላት ዘመን

ፋሺስት ኢጣልያ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፥ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ለመጠበቅ በአዲስ ዓለም ምሽግ ሠርቶ ነበር። ንጉሡ ለክብር ያሠሩት መንገድ ለጠላት መኪና መመላለሻ ሆነ። ዳሩ ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አገር አልተገዛለትም። በጊንጪ አካባቢ በዩብዶ የተወለዱት ጃገማ ኬሎ ጠላት ሲገባ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጫካ ገብተው፥ ተከታይ አፍርተው፥ በመጨረሻም በአዲስ ዓለም የነበረውን የጠላት ምሽግ መትተው ብዙ መሣሪያ ማረኩ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ያህል ነበረ። ከነጻነት በኋላ በሠራዊቱ ውስጥ እስከ ሌተና ጄኔራል ማዕርግ ደርሰው፥ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ዕድሜያቸውን ከእኛ ዕድሜ ጋር ሳናስተያይ አላለፍንም። እኛ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖን ትልቁ ፍርሃታችን የመልቀቂያ ፈተና ነው።

የከተማችን ጠባይ

ሰው ጠባይ እንዳለው ከተማም ጠባይ አለው። የአዲስ ዓለምን ጠባይ በሦስት ነገር ልንገልጸው እንወዳለን።

መጀመሪያው መንገደኛ መቀበል ነው። ቀንና ሌሊት የጭነት መኪናና አውቶቡስ ያልፍባታል፤ የሚቆመው ግን ጥቂቱ ነው። ቢሆንም የሚቆመውን ለማስተናገድ ቡናው ይፈላል፥ ዳቦውም ይጋገራል። ከልጅነታችን ጀምሮ እንግዳ ሰው ማየት ስለ ለመድን፥ እንግዳ አያስደነግጠንም።

ሁለተኛው በሁለት ቋንቋ መኖር ነው። በገበያ ቀን አንዲት ሴት በአማርኛ ዋጋ ጠይቃ በኦሮምኛ ስትከራከር፥ በአማርኛ ስትመርቅ መስማት የተለመደ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ የትምህርትና የሥራ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ አያቶቻችን በቤት ብቻ የተናገሩትን እኛ በመጽሐፍ ላይ ለማንበብ በቅተናል። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ግን ከሁለቱ አንዱን አጥርተን አናውቅም፤ ይህም የእኛ ስንፍና እንጂ የከተማዋ ጥፋት አይደለም።

ሦስተኛው ከባሕር ዛፍ ጋር ያለን ጉዳይ ነው። ዋና ከተማነትን የወሰደብን ዛፍ ዛሬ የብዙዎቻችን ቤት ምሰሶ፥ ማገርና ወራጅ ነው። እንጀራ የሚጋገረው በእርሱ ቅጠልና ጭራሮ ነው። አጣናው እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በዚያ ለሚሠራው ፎቅ መወጣጫ ይሆናል። ከእኛም መካከል የደብተሩና የጫማው ገንዘብ የመጣው አባቱ ከሸጠው አጣና የሆነ ብዙ ነው። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ እንጨት ፍለጋ ወደ እኛ ልትመጣ ነበር፤ ዛሬ እንጨቱ ወደ እርሷ ይሄዳል።

ሆኖም ጉዳቱን መሸሸግ አይገባም። የባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ በሥሩም እህል በደኅና አይበቅልም። በአንዱ ጓደኛችን ቤት በዚህ ነገር ክርክር ተነሥቶ ነበር። አባቱ የጤፉን መሬት ባሕር ዛፍ ሊያለብሱት ፈለጉ፤ የጤፍ እርሻ በየዓመቱ ማዳበሪያ ይጠይቃል፥ ዛፉ ግን ተቀምጦ ያድጋል፥ የአንተንም የኮሌጅ ወጪ ይችላል አሉት። አያቱ ግን፥ ልጅ ሳለሁ ውሃ የምቀዳበት ምንጭ ዛሬ የት አለ ብለው ጠየቁ። እስካሁን መሬቱ ጤፍ እንደ ሆነ ነው፤ ክርክሩም አላለቀም። ጓደኛችን አባቱን ለመደገፍም አያቱን ለመደገፍም ተቸግሯል፤ ወጪው የእርሱ ነውና። እኛም ይህን ስንሰማ ታሪክ ያለፈ ነገር ብቻ እንዳይደለ ተረዳን። ዐፄ ምኒልክን ያስጨነቀው የእንጨትና የመሬት ጥያቄ ዛሬ በአንድ ጎጆ ውስጥ በእራት ሰዓት ይነሣል።

ከዚህም ጋር የበርጋን ረግረግ ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። በዓለም ላይ ቍጥሯ እጅግ ያነሰ፥ ክንፏ ነጭ የሆነች አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ አለች። በክረምት ሣሩ ረዝሞ ውሃው ሲተኛ በበርጋ ሜዳ ጎጆዋን ሠርታ ትፈለፍላለች። ይህች ወፍ የምትራባበት ቦታ በዓለም ሁሉ እጅግ ጥቂት ነው። የወፍ ሊቃውንት ባሕር አቋርጠው እርሷን ለማየት ይመጣሉ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ግን ሜዳውን የምናውቀው የከብት ማሰማሪያ መሆኑን ብቻ ነው። ሜዳው ቢደርቅ ወይም ቢታረስ ወፏ መሄጃ የላትም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ያንን ልጅ ዛሬ ብናገኘው እንዲህ እንለዋለን። እውነት ነው፤ ምኒልክ ጀምረው ትተዋታል። የተዋት ግን ቤተ መንግሥቱ ነው፤ ሕዝቡ አልተዋትም። ከንጉሡ በፊት ኤጀሬ ሆና ነበረች፤ ከንጉሡም በኋላ አዲስ ዓለም ሆና ኖረች። አንተ የምትኖርባት ከተማ በቦታዋ የጸናችው የእኛ ከተማ ስለ ቀረች ነው፤ የቤትህም ወራጅ ምናልባት ከእኛ ጓሮ የተቈረጠ ነው። ይህን ብለን ደግሞ ምሳ አብረነው እንበላለን፤ ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረምና።

ለእኛ ለራሳችን ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ይቀራል። በመጪው ክረምት ይህን ትምህርት ቤት እንለቃለን። ብዙዎቻችን ፈተናውን ብናልፍ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ጅማና ወደ ሌላም ቦታ እንሄዳለን። ከእኛ በፊት ከሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ጀምሮ መተው የነገሥታት ብቻ አይደለም፤ እኛም እናደርገዋለን። ሁላችሁም ተመለሱ ብለን ለመምከር አቅም የለንም፤ እያንዳንዱ እንጀራው ወደ አለበት ይሄዳል። ነገር ግን የት እንደ ተወለደ ሲጠየቅ ዝም የሚል ወይም አብሮ የሚስቅ ሰው ከመካከላችን እንዳይገኝ እንመኛለን።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀምረናል። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ትልቅ መዝገብ አስቀምጠናል። በዚህ መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቶቹና ከጎረቤቶቹ የሰማውን፥ ይኸውም ምንጩ የት እንደ ነበረ፥ ዛፉን ማን እንደ ተከለው፥ ቤተ ሰቡ ከየት እንደ መጣ ወይም ከጥንት ጀምሮ እዚሁ እንደ ነበረ፥ በሚችለው ቋንቋ ይጽፋል። እስካሁን የተሞላው ዐሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው። የሚያስታውሱት አረጋውያን በየዓመቱ እያነሡ ይሄዳሉና፥ ከእኛ በኋላ የምትመጡ ታናናሾቻችን መዝገቡን ባዶ እንዳትተዉት አደራ እንላችኋለን። እናንተም የተከበራችሁ ወላጆቻችን፥ ልጆቻችሁ ማታ ማታ ብዙ ቢጠይቋችሁ አትሰልቹባቸው።

በጽሑፋችን ውስጥ ስሕተት የሚያገኝ አንባቢ ቢኖር፥ ገና ተማሪዎች ነንና እንዲያርመን በትሕትና እንለምናለን።